አሳማው ምን አጠፋ? «አሳማውን ስበሩት» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው እየተቀባበለ ያነበበው «አሳማውን ስበሩት» የተሰኘ ጽሑፍ የአሳማ ቅርጽ ያለውን ሳንቲም ማጠራቀሚያ ከልጆች መደርደሪያ ላይ እንድናወርድ ይመክራል። ጸሐፊው የሚያቀርቧቸው ክሶች አምስት ናቸው። አንደኛ፣ ዕቃው የተወለደው በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ በአንድ የስም መምታታት ነው፤ ስለዚህ ከአጋጣሚ በቀር ትርጉም የለውም። ሁለተኛ፣ አሳማ የስግብግብነት ምልክት ነው፤ ተረቱ፣ ካርቱኑና ፊልሙም በዚህ ዕቃ በኩል ለልጆች ያስተማሩት ገንዘብ ማከማቸትን እንጂ መቆጠብን አይደለም። ሦስተኛ፣ መጨረሻው መዶሻ ነው፤ ባይሰበርም በቢላ ይከፈታልና ጥበቃው ማስመሰል ነው። አራተኛ፣ ወለድ አይከፍልም። አምስተኛ፣ ጥሬ ገንዘብ እየቀረ ስለሆነ የስልክ መተግበሪያ ተክቶታል።

ጽሑፉ ቋንቋው ያማረ ነው፤ አራተኛውን ክስ እንዳለ፣ አምስተኛውን በግማሽ እቀበላለሁ። የተቀረው ግን የሚመነጨው ጸሐፊው ዕቃውን አንዴ እንደ ባንክ፣ አንዴ እንደ አሳማ ስለሚያዩት ነው። ባንክ አይደለም፤ አሳማነቱም ከሥራው በኋላ የመጣ ነገር ነው። ሥራው መክተትን ቀላል፣ ማውጣትን አስቸጋሪ ማድረግ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ «ፒግ» ሸክላ

ይህ ወሬ ከጽሑፉ በፊትም በየቦታው ሲደጋገም የኖረ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። እንደ ወሬው ከሆነ እንግሊዛውያን «ፒግ» ከሚባል ብርቱካንማ ርካሽ አፈር በተሠራ ማሰሮ ሳንቲም ያጠራቅሙ ነበር፤ ዘመን ሲያልፍ «የፒግ ማሰሮ ሥራልኝ» የተባለ ሸክላ ሠሪ አሳማም በእንግሊዝኛ «ፒግ» ስለሚባል ቃሉ ተምታቶበት አሳማ ሠርቶ አመጣ። ታሪኩ ደስ ይላል፤ ነገር ግን በዚህ ስም የሚጠራ የአፈር ዓይነት መኖሩን የሚያሳይ የዘመኑ ማስረጃ ማንም አላቀረበም።

ከፊሉ እውነት መሆኑን አልክድም። በስኮትላንድና በሰሜን እንግሊዝ ማንኛውም የሸክላ ዕቃ «ፒግ» ይባል ነበር፤ ስሙ ግን የዕቃው እንጂ የአፈሩ አልነበረም። የስኮትላንዷ ዳንዲ ከተማ «ፒርሊ ፒግ» የሚባል በ1602 የተሠራ ሳንቲም መሰብሰቢያ አላት፤ ከምክር ቤት ስብሰባ የቀሩ አባላት ቅጣታቸውን የሚከቱት እዚያ ውስጥ ነበር። የተሠራው ፒውተር ከሚባለው ቆርቆሮ የበዛበት ቅይጥ ብረት ነው፤ ቅርጹም ጠፍጠፍ ያለ ድቡልቡል ነው። ስሙ ብቻውን አሳማ መሥራት የሚችል ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ይሄኛው አፍንጫ ባወጣ ነበር።

ዋናው ማስረጃ ግን ራሳቸው አሳማዎቹ ናቸው። በምሥራቅ ጃቫ፣ የማጃፓሂት መንግሥት መናገሻ በነበረችው በትሮዉላን አካባቢ ከ14ኛውና ከ15ኛው ክፍለ ዘመን የቀሩ የሸክላ አሳማዎች ተገኝተዋል። ሆዳቸው ድብልብል፣ ጀርባቸው ላይ ቀጭን መክተቻ ያላቸው ናቸው። አብዛኞቹ የወጡት በስብርባሪ መልክ ነው፤ ገንዘቡን ማግኛው መንገድ መስበር ነበርና። ጃካርታ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ከስብርባሪ ተገጣጥሞ የቆመ ማየት ይቻላል። በጀርመን ቱሪንጊያ፣ ቢለበን ከምትባል መንደር የተገኘው ትንሽ የሸክላ አሳማ ደግሞ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው ተብሎ ቫይማር ሙዚየም ውስጥ ተቀምጧል። የጃቫውም ሆነ የቱሪንጊያው ሸክላ ሠሪ የእንግሊዝኛ ቃል ሊምታታበት አይችልም።

አሳማውን ትተን ሳጥኑን ብንከተል ደግሞ ወደ ኋላ ብዙ እንሄዳለን። እስካሁን ከታወቁት ሁሉ ጥንታዊው የተገኘው በትንሿ እስያ፣ በግሪኮች ከተማ በፕሪዬኔ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ሲሆን ትንሽ ቤተ መቅደስ ይመስላል፣ ሳንቲሙ የሚገባውም ከጣሪያው ሥር ባለው ሦስት ማዕዘን ግንባር በኩል ነው። በጥንቷ የሮማውያን ከተማ በፖምፔይም ሳንቲም ማጠራቀሚያ ተገኝቷል። በጥንታዊት ቻይናም መግቢያ እንጂ መውጫ የሌለው፣ ሲሞላ የሚሰበር የሸክላ ማጠራቀሚያ ነበር። ለንደን ውስጥ በ1587 የተሠራው የሮዝ ቲያትር ቤት ፍርስራሽ በ1989 ሲቆፈር አረንጓዴ ቅብ ያላቸው የትንንሽ ድብልብል ሣጥኖች ስብርባሪ ወጥቷል፤ በር ላይ የቆሙት ሰብሳቢዎች የመግቢያውን ሳንቲም የሚከቱባቸው ነበሩ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። አሠሪው ገንዘቡን እስኪረከብ ድረስ ሣጥኑ ሳይሰበር መቆየቱ ሰብሳቢው እንዳልነካው የሚያሳይ ማኅተም ነው። መሰበሩ የዕቃው ጉድለት ሳይሆን ሒሳብ ማረጋገጫው ነበር ማለት ነው። ጸሐፊው በሦስተኛው ክሳቸው የሚያሾፉበት ጠባይ ይኸው ነው።

ታዲያ ለምን አሳማ? እንደ እኔ ግምት ሁለት ምክንያት አብሮ ሠርቷል። አንደኛው የእንስሳው ነው። አሳማ በሚረባበት አገር እንስሳው ዓመቱን ሙሉ በትርፍራፊ ይቀለብና በመጨረሻ በአንድ ቀን ይታረዳል፤ በትንሽ በትንሹ የገባው በአንዴ ይወጣል። በጀርመንኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ደግሞ አሳማ የመልካም ዕድል ምልክት ሆኖ ለአዲስ ዓመት በስጦታ ይሰጣል። ሁለተኛው ምክንያት የሸክላ ሠሪው ነው፦ አራት አጭር እግር፣ አግድም የተኛ ሆድ፣ ሰፊ ጀርባ። ክብደቱ ወደ መሬት ቀርቦ ስለሚቀመጥ አይገለበጥም። መክተቻው ከላይ ሲሆን ሳንቲሙ በሆዱ ርዝመት ይዘረጋል እንጂ በአንድ ቦታ አይቆለልም፤ ሆዱም ከመሬት ከፍ ስለሚል ከሥሩ ለሚገባ ውታፍ ቦታ ይተርፋል። ዶሮና ዝሆን መሥራትም ይቻላል፣ ተሠርቷልም። አሳማ የሚጸየፍ ኅብረተሰብ ቅርጹን ቢለውጥ ዕቃው ከሥራው ምንም አይጎድልበትም፤ ጸሐፊው በዚህ ጉዳይ ላይ ያነሱት አጭር ማሳሰቢያ ተገቢ ነው።

አሳማው በተረትና በፊልም

ጸሐፊው ምስክር አድርገው የጠሩት የሃንስ ክርስቲያን አንደርሰንን የ1850ዎቹ ተረት ነው። እውነት ነው፣ እዚያ ያለው የሸክላ አሳማ ትዕቢተኛ ነው። ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ፣ ከመሙላቱ የተነሳ እንኳን አይንሿሿም፤ ክፍሉ ውስጥ ያለውን መጫወቻ ሁሉ መግዛት እንደሚችል እያሰበ ከላይ ወደ ታች ያያል። ጸሐፊው ግን ጥቅሳቸውን እዚህ ላይ ያቆማሉ፣ ተረቱ ግን አይቆምም። አሳማው ወድቆ ይሰባበራል፣ ሳንቲሞቹ እየዘለሉ ወደ ዓለም ይወጣሉ፣ ስብርባሪው ወደ ቆሻሻ ይሄዳል፣ በማግሥቱ ባዶ የሆነ አዲስ አሳማ ቦታውን ይይዛል። የሚሾፍበት ገንዘቡን የራሱ ያደረገ ዕቃ ነው፤ ገንዘቡ እንዲወጣና እንዲዞር የሚፈልግ ተረት ማከማቸትን አስተማረ ሊባል አይችልም።

ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ የታወቀው ሳንቲም ማጠራቀሚያ በ1995 በወጣው «ቶይ ስቶሪ» ውስጥ ያለው ሃም ነው። ሆዱ ላይ ውታፍ አለው፣ ምላሱ ስል ነው፣ ነገር አዋቂ ነኝ ባይ ነው፤ ስግብግብ ግን አይደለም። ጽሑፉ ይህን ገጸ ባሕርይ ሳይጠቅስ «ፊልሙ ሁሉ» ማለቱ ትልቅ ክፍተት ነው።

ሌላው የተዘለለው የአሜሪካ መካኒካል ማጠራቀሚያ ነው። በኮኔቲከት፣ ክሮምዌል የነበረው የጄ ኤንድ ኢ ስቲቨንስ ፋብሪካ ያወጣውና በ1869 የፈጠራ መብት የተሰጠው «ሆልስ ኤክሴልሲየር» ከቀለጠ ብረት የተሠራ የባንክ ሕንፃ ነበር፤ የበሩን መጥሪያ ሲስቡት ጣሪያው ይከፈትና ገንዘብ ተቀባዩ ብቅ ይላል፣ ሳንቲሙ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ በሳንቲሙ ክብደት ተመልሶ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ በርካታ ዓይነት ተሠርቷል። ዘዴው ግልጽ ነው፦ ልጁ ደስታውን የሚያገኘው ሲያወጣ ሳይሆን ሲከት ነው። አንዳንዶቹ ጥቁር ሰዎችን በሚያዋርድ ሥዕል የተሠሩ መሆናቸውም መነገር አለበት፤ ጸሐፊው ታዋቂውን ባህል መክሰስ ከፈለጉ ከአሳማው ይልቅ እዚህ ጋ እውነተኛ ጉዳይ ነበራቸው።

ባንኮችም ቢሆኑ አሳማውን የተጠቀሙት ገንዘብ ወደ ሂሳብ ለመሳብ ነው። የእንግሊዙ ናትዌስት በ1983 ለልጆች ባወጣው ሂሳብ አንድ የሸክላ አሳማ ቤተሰብ ያድል ነበር፤ ሕፃኑ ውዲ ሂሳብ ሲከፈት ይሰጣል፣ የተቀረው ቤተሰብ በሂሳቡ ውስጥ ያለው ገንዘብ እያደገ ሲሄድ ይከተላል፣ የመጨረሻው ሰር ናትናኤል የሚመጣው 100 ፓውንድ ሲሞላ ነው። በጽሑፉ ውስጥ «አሳማው ልጅን ከባንክ ያርቃል» ለሚለው ዓረፍተ ነገር ይህ በቂ መልስ ይመስለኛል።

መዶሻውና ቢላው

ጸሐፊው ትክክል የሆኑበት ነገር አለ፦ ዛሬ የሚሸጠው አብዛኛው አሳማ ሆዱ ላይ ውታፍ አለው፤ መዶሻው በካርቱን ውስጥ እንጂ በቤት ውስጥ ብዙም አይነሳም። እንግዲህ «መሰባበርን ያስተምራል» እና «ማንም ይከፍተዋል» የሚሉት ሁለት ክሶች በአንድ ጊዜ እውነት መሆን አይችሉም። አንዱን መምረጥ አለባቸው።

የቢላውን ነገር ግን በዝርዝር እንየው፣ ምክንያቱም ጽሑፉ ዘዴውን ሲጠቅስ ለምን እንደሚሠራና ለምን እንደማይሠራ አይናገርም። አሳማው ይገለበጣል፣ ቀጭን የገበታ ቢላ በመክተቻው ይገባል፣ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል፤ ሳንቲሙ በቢላው ገጽ ላይ ተኝቶ ወደ ውጭ ይንሸራተታል። ይህ የሚሆነው መክተቻው ሳንቲሙንና ቢላውን ጎን ለጎን ማሳለፍ ከቻለ ብቻ ነው። የአሜሪካ 25 ሳንቲም ውፍረቱ 1.75 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቢላው 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን ድምሩ 2.75 ይሆናል። መክተቻው 2.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሳንቲሙ በቀላሉ ይገባል፣ ቢላው ግን አብሮት አያልፍም። ስለዚህ በቢላ የሚዘረፍ አሳማ ካለ ጥፋቱ ሰፊ የተቀደደ መክተቻ ነው።

ለምን ሰፊ ይቀደዳል? ሸክላ ስለሚኮማተር ነው። በፋብሪካ የሚሠራው አሳማ ፈሳሽ ጭቃ ሁለት ግማሽ ባለው የጄሶ ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ ይወጣል። ጄሶው ውኃውን ሲመጥ ጭቃው በግድግዳው ላይ ይረጋል፤ 15 ወይም 20 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ሲወፍር የተረፈው ፈሳሽ ይደፋል። መክተቻው የሚቆረጠው ጭቃው ጠጠር ብሎ ግን ገና እርጥበት እያለው ነው። ሲደርቅና ሲተኮስ ከ8 እስከ 12 በመቶ ያህል ይኮማተራል። 25.75 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን የ2 ዩሮ ሳንቲም እንዲያስገባ የታሰበ፣ ከእቶን ሲወጣ 30 ሚሊ ሜትር መሆን ያለበት መክተቻ 33 ወይም 34 ሆኖ ይቆረጣል። የሚያብረቀርቀው ቅብ ደግሞ ጠርዙ ላይ ወፍሮ መክተቻውን ያጠብባል፤ ስለዚህ ከመተኮሱ በፊት ጠርዙ በእርጥብ ስፖንጅ ይጠረጋል። ይህን የማያደርግ ሸክላ ሠሪ ሳንቲም የማይገባበት አሳማ ያወጣል። ከዚህ ውርደት ለመዳን ሠሪው አራትና አምስት ሚሊ ሜትር ይቀደዋል፣ ቢላው በዚያ ይገባል። ሌላው የተለመደ ብልሽት ከመክተቻው ጫፍ የሚነሳ ስንጥቅ ነው፤ ሹል ማዕዘን ሲደርቅ ይቀደዳል። መድኃኒቱ መጀመሪያ በሁለቱ ጫፍ ክብ ቀዳዳ በስቶ፣ ከዚያ በመካከላቸው መቁረጥ ነው።

የጎማ ውታፍም የራሱ ጣጣ አለው። በዓመታት ውስጥ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ከለስላሳ ፒቪሲ የተሠራ ከሆነ ደግሞ የሚያወጣው ነገር መዳብ ያለበትን ሳንቲም አረንጓዴ አድርጎ ያጣብቀዋል፤ ከለስላሳ ፕላስቲክ የተሠራ አሳማም እንዲሁ። የወረቀት ገንዘብ ታጥፎ ሲከተት ውስጥ ተዘርግቶ መክተቻውን ከሥር ይደፍናል፣ ከዚያ በኋላ የሚገባው ሳንቲም እላዩ ላይ ይቀራል። ሳንቲምና ወረቀት በተለያየ ዕቃ ቢቀመጥ ይሻላል።

አሁን ወደ «ማስመሰል» እንመለስ። በቀላሉ የሚከፈት ሣጥን ምን ይጠቅማል ለሚለው ጥያቄ በሙከራ የተገኘ መልስ አለ። ፓስካሊን ዱፓና ጆናታን ሮቢንሰን ኬንያ ውስጥ አድርገው በ2013 ባሳተሙት ጥናት ለተሳታፊዎች የሚቆለፍ ተራ የብረት ሣጥን ሰጡ፣ ቁልፉንም እዚያው ለባለቤቱ ሰጡ። አስተማማኝ ማስቀመጫ ማግኘታቸው ብቻ ለጤና የሚያጠራቅሙትን ገንዘብ በ66 በመቶ አሳደገው። ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ የተያዘው ሣጥን በአንጻሩ ለበሽታ መከላከያ በሚውለው ገንዘብ ላይ ያን ያህል ለውጥ አላመጣም፤ ሰው በችግር ቀን የማይከፈት ዕቃ ውስጥ ገንዘቡን መክተት ይፈራል። በፊሊፒንስ ደግሞ አሽራፍ፣ ካርላንና ዪን በ2006 ባሳተሙት ሥራ ገንዘብ እስከ ተወሰነ ቀን ወይም መጠን የማይወጣበት የባንክ ሂሳብ ቀርቦ ነበር። ሂሳቡን ከከፈቱት አብዛኞቹ ከባንኩ ጋር የሚሠራ፣ ቁልፉ ባንክ ዘንድ የሚቀር ትንሽ የቤት ሣጥን ጨምረው ገዙ። ማንም ድንጋይ አንሥቶ ሊሰብረው ይችል ነበር። ሰዎቹ ይህን ያውቃሉ፤ የገዙት ለመስበር የሚያስፈልገውን ያንን አንድ ደቂቃ ነው።

ወለድ

እዚህ ላይ ክርክር የለም፤ አሳማ ወለድ አይከፍልም። ብቻ መጠኑን እናስላው። 1 ሊትር የሚይዝ ሆድ ውስጥ የአሜሪካ 25 ሳንቲም እንደ ነገሩ ሲፈስ 700 ያህል ይገባል፤ ይህም 175 ዶላር፣ ክብደቱም 4 ኪሎ ገደማ ነው። ባንክ 4 በመቶ ቢከፍል በዓመት 7 ዶላር ይቀራል። ነገር ግን አሳማ የሚሞላው ቀስ በቀስ ስለሆነ የዓመቱ አማካይ ይዘቱ ግማሽ ነው፤ ኪሳራው 3 ዶላር ተኩል ይሆናል። የአዋቂ ሰው የዓመታት ቁጠባ እዚያ ቢቀመጥ ጉዳቱ ይገዝፋል፣ የዋጋ ንረት ባለበት ደግሞ ይብሳል፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ሲሞላ ወደ ባንክ መውሰድ ነው መፍትሔው። የቁጠባ ባንኮችም ይህን ስለሚያውቁ በ1924 ሚላኖ ላይ ተሰብስበው ኦክቶበር 31ን የዓለም የቁጠባ ቀን አድርገዋል፤ በጀርመንና በኦስትሪያ ልጆች አሳማቸውን ተሸክመው ወደ ባንክ የሚሄዱት በዚህ ሰሞን ነው።

ጥሬ ገንዘብ እየቀረ ነው?

ትንንሹ ሳንቲም እየቀረ መሆኑ እውነት ነው። ካናዳ 1 ሳንቲሟን ማከፋፈል ያቆመችው በ2013 ነው፤ አሜሪካም በኖቬምበር 2025 ለገበያ የሚውለውን 1 ሳንቲም መቅረጽ አቁማለች። ይህ ግን አሳማውን ከመግደል ይልቅ ይጠቅመዋል፤ 100 ዶላር በ1 ሳንቲም ቢጠራቀም 25 ኪሎ ይመዝናል፣ በ25 ሳንቲም ግን 2 ኪሎ ከሩብ ገደማ ብቻ ነው።

መተግበሪያውን በተመለከተ ጸሐፊው «አዲስ ነገር» የሚሉት ራሱ የአሳማው ቅጂ ነው። ባንክ ኦፍ አሜሪካ በ2005 የጀመረው አሠራር በካርድ የተከፈለውን ሒሳብ ወደ ቀጣዩ ሙሉ ዶላር ያጠጋና ልዩነቱን ወደ ቁጠባ ያዛውራል፤ 3 ዶላር ከ40 ሲከፈል 60 ሳንቲም ይገባል ማለት ነው። የመክተቻውን ቅለት በሚገባ ቀድተዋል፣ ብዙዎቹ በምልክታቸው ላይ አሳማ የሚስሉትም በከንቱ አይደለም። ያልቀዱት የመውጫውን ችግር ነው። አብዛኞቹ መተግበሪያዎች ገንዘቡን በአንድ ንክኪ ይመልሳሉ። ስለዚህ ለአዋቂ ስልክ ይበቃል፣ ግን በቅንብሩ ውስጥ የማውጫ ገደብ ወይም የቀን ቀጠሮ ተፈልጎ ሥራ ላይ መዋል አለበት፤ ገደብ የሌለው ከሆነ የተለየ ሂሳብ ያለ ካርድ መክፈት ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ለልጅ ግን ስክሪን ላይ 12 ወደ 13 ሲቀየር ማየትና ዕቃው ከትናንት ይልቅ ሲከብድ መያዝ አንድ አይደሉም፤ ቁጥር ገና ያልገባው ልጅም ክብደት ይገባዋል። ዕድሜውን በተመለከተ ደግሞ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሳንቲምም ሆነ ትንሽ ውታፍ ያለው አሳማ አይሰጥም፤ ይውጠዋል፣ ያንቀዋል። ስለ ልጆች አእምሮ ይህን ያህል የተጨነቀ ጽሑፍ ስለ ጉሮሯቸው አንድ ቃል አለመጻፉ ይገርማል።